ሁለት የፓርላማ ስርጭቶች ከደብረ ብርሃን ሲታዩ፦ የእንግሊዙ ፓርላመንት ላይቭ ቲቪ እና የአሜሪካው ሲ-ስፓን

ደብረ ብርሃን ሲቪክስ አስተምራለሁ፣ ከክፍል ውጪ ደግሞ የክርክር ክበብ አለን፣ ከመንዝም ከአንኮበርም የመጡ ልጆች አሉበት፣ እና ለነሱ ብዬ የሁለቱን አገር ምክር ቤት ስርጭት ሁሌ እከታተላለሁ። የቱ ይሻላል የሚል ጥያቄ ስለሚበዛብኝ ነው ይሄን የምጽፈው። ሁለቱም አሪፍ ናቸው ግን አንድ አይነት አድርጋችሁ ከከፈታችኋቸው ዳታችሁን ነው የምትጨርሱት። የእንግሊዙን አዳራሹን እዩ፣ የአሜሪካኑን ግን አዳራሹን ተዉትና ኮሚቴውን እዩ።

ፓርላመንት ላይቭ ቲቪ የፓርላማው የራሱ ሳይት ነው፣ ነፃ ነው፣ ምዝገባ ምናምን የለውም። ሎርዶቹ (ያልተመረጡት የላይኛው ምክር ቤት አባላት) በቲቪ መታየት የጀመሩት በ1985 ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው)፣ ኮመንስ (የተመራጮቹ ምክር ቤት) ደግሞ በ1989። የምወድለት ነገር ከቪዲዮው ጎን ማን ስንት ሰዓት ላይ እንደተናገረ ተዘርዝሯል፣ ስሙን ስትነኩት እዛው ቦታ ይወስዳችኋል፣ ሙሉ ቀን የፈጀ ክርክር ውስጥ አንድ ሰው መፈለግ ምን ማለት እንደሆነ የሞከረ ያውቀዋል። የተባለው ሁሉ ደግሞ ሃንሳርድ (የፓርላማው ይፋ ቃለ ጉባኤ) ላይ በ3 ሰዓት ገደማ ውስጥ በጽሑፍ ይወጣል። ይሄ ለኛ ልጆች ወርቅ ነው፣ አነጋገሩ ሲፈጥንባቸው ቪዲዮውን አቁመን ጽሑፉን እናነባለን፣ ከዛ መልሰን እናየዋለን።

የሚጀመረው ከረቡዕ ነው። የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጥያቄ ለንደን ላይ በቀትር ይጀምራል፣ ለኛ ክረምታቸው ሲሆን ከቀኑ 9 ሰዓት በጋቸው ሲሆን 8 ሰዓት ነው፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው የሚወስደው። የተቃዋሚው መሪ 6 ጥያቄ አለው፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ እዛው ፊት ለፊቱ ቆሞ ይመልሳል፣ ጥያቄው ምን እንደሆነ ቀድሞ አይነገረውም። 650 አባላት ናቸው ግን መቀመጫው ለ427 ሰው ብቻ ነው፣ ስለዚህ ረቡዕ ረቡዕ በሩ ጋ ተፋፍገው የቆሙት ብዙ ናቸው። ከራሱ ፓርቲ ለሙገሳ ብቻ የሚነሱም አሉ፣ እነሱን ዝለሏቸው።

ልጆቹ በጣም የወደዱት ግን ድምፅ አሰጣጡን ነው። አፈ ጉባኤው ዲቪዥን ብሎ ይጮሃል፣ ህንፃው በሙሉ ደወል ይደወላል፣ 8 ደቂቃ አላቸው ከዛ በሩ ይቆለፋል፣ የደገፈ በአንዱ ኮሪደር የተቃወመ በሌላው ኮሪደር በእግሩ ያልፋል፣ አራት ቆጣሪዎች መጥተው አፈ ጉባኤው ፊት ይሰለፉና ካሸነፈው ወገን ያለው ቁጥሩን ያነባል። ጃንዋሪ 15 ቀን 2019 የጠቅላይ ሚኒስትር ቴሬዛ ሜይ የብሬግዚት (እንግሊዝ ከአውሮፓ ህብረት የምትወጣበት) ስምምነት የወደቀበትን አሳየኋቸው፣ 202 ለ 432። አንዷ ተማሪዬ "ቲቸር ታዲያ መንግስቷ አልወደቀም?" አለችኝ፣ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱ የማግስቱ ቪዲዮ ላይ አለ፣ የመተማመኛ ድምፅ ተጠርቶ 325 ለ 306 ተረፈች። በ1979 ግን ጠቅላይ ሚኒስትር ጄምስ ካላሃን 311 ለ 310 ተሸንፎ ምርጫ ተጠርቷል፣ በአንድ ድምፅ! መንግስት ቆሞ የሚያድረው እዛ ክፍል ውስጥ ባለው ቁጥር ነው፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩም ሚኒስትሮቹም ከዛው ምክር ቤት ናቸው፣ ስለዚህ ካሜራው አዳራሹ ላይ ሲሆን ስልጣኑን ራሱን እያያችሁ ነው። የኛም ጠቅላይ ሚኒስትር በህገ መንግስቱ ከተወካዮች ምክር ቤት አባላት መካከል ስለሚመረጥ ልጆቹ ይሄ ቶሎ ይገባቸዋል።

ሲ-ስፓን ሌላ ነው። የመንግስት አይደለም፣ የአሜሪካ የኬብል ቲቪ ድርጅቶች ያቋቋሙት ለትርፍ ያልቆመ ጣቢያ ነው፣ በ1979 የተወካዮች ምክር ቤቱን ማስተላለፍ ጀመረ፣ ሴኔቱ (የላይኛው ምክር ቤት) በ1986 ተጨመረ። የቆየ ቪዲዮ ክምችቱ በጣም ሰፊ ነው፣ በሰው ስምም በርዕስም ትፈልጋላችሁ። ቅር የሚለኝ ዋናውን ቻናል ላይቭ በሙሉ ለማየት የአሜሪካ ኬብል ወይ መሰል የቲቪ አገልግሎት ደንበኛ መሆን ይጠይቃል፣ የምክር ቤቶቹን ስብሰባና ዩቱብ ላይ የሚጭኑትን ግን ማንም ያያል።

አዳራሹን ስትከፍቱት አንድ ሰው ለባዶ ወንበር ሲናገር ታገኛላችሁ። ፕሬዝዳንቱ እዛ የለም፣ ሚኒስትሮቹም የሉም፣ ተነስ መልስ የሚባል ሰው የለም። ባዶነቱንም ሁሌ አታዩትም ምክንያቱም የተወካዮቹ አዳራሽ ካሜራ በምክር ቤቱ ሰራተኞች ስር ነው፣ ሲ-ስፓን የሚሰጠውን ምስል ተቀብሎ ነው የሚያስተላልፈው። በ1984 አፈ ጉባኤው ቲፕ ኦኔል የሪፐብሊካኖቹን የማታ ንግግር አዳራሹ ባዶ መሆኑን ካሜራው ዞሮ እንዲያሳይ አዘዘ፣ ትልቅ ጠብ ሆነ። ጃንዋሪ 2023 ላይ ደግሞ ኬቨን ማካርቲ አፈ ጉባኤ ለመሆን 15 ዙር ድምፅ ሲሰጥ የሲ-ስፓን የራሱ ካሜራዎች ገብተው ነበር፣ ማን ከማን ጋር ጥግ ይዞ እንደሚያወራ፣ ማን በንዴት ተነስቶ እንደተያዘ በሙሉ ታይቷል። እነዛን ቀናት ፈልጋችሁ እዩ፣ የአሜሪካ አፈ ጉባኤ የፓርቲ መሪ መሆኑ በደንብ ይገባችኋል፣ የእንግሊዙ እኮ ሲመረጥ ፓርቲውን ይለቃል።

ህጉ የሚበስለውም የሚሞተውም ኮሚቴ ውስጥ ነው። ሰብሳቢው ካልፈለገው ረቂቁ አጀንዳ ሳይሆን እዛው ይቀራል፣ አብዛኛው ረቂቅ ዕጣው ይሄ ነው። ማርክ አፕ የሚባለውን ስብሰባ ፈልጉ፣ ረቂቁን ማሻሻያ በማሻሻያ እየተከራከሩ ያሻሽሉታል፣ ጸሐፊዋ ስም እየጠራች እያንዳንዱ አዎ ወይ አይ ይላል፣ ሚኒስትርም የሚገኘው ኮሚቴ ውስጥ ነው፣ ሂሪንግ በሚባለው ሌላ ስብሰባ ላይ ምስክር ሆኖ ተጠርቶ። የእንግሊዙ የረቂቅ ህግ ኮሚቴ እንደዚህ አያጓጓም፣ መንግስት አብላጫ ስላለው ውጤቱ አስቀድሞ ይታወቃል።

ሴኔቱን ከፍታችሁ ክላሲካል ሙዚቃ ብቻ ከሰማችሁ ኔትወርኩ አይደለም፣ ኮረም ኮል (ምልዓተ ጉባኤ መሟላቱን ለማየት ስም መጥራት) ላይ ናቸው ማለት ነው፣ በር ዘግተው እየተደራደሩ ሊሆን ይችላል። እዛ ንግግር በሰዓት አይገደብም፣ ሴናተር ኮሪ ቡከር በ2025 ለ25 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ቆሞ ተናግሯል፣ እና አብዛኛውን ህግ ወደ ድምፅ ለማምጣት ከ100ው 60 ያስፈልጋል። ሎርዶቹ አንድን ህግ ቢበዛ አንድ ዓመት ገደማ ነው የሚያዘገዩት፣ የገንዘብ ህግ ከሆነ አንድ ወር፣ ሴኔት ግን ጨርሶ ይጥላል። ሁለቱ ምክር ቤትና ፕሬዝዳንቱ በበጀት ሳይስማሙ ሲቀሩ ማንም ከስልጣን አይወርድም፣ መስሪያ ቤቶች ናቸው የሚዘጉት፣ በ2025 ለ43 ቀን ተዘግተዋል፣ ሰራተኛው ያለ ደሞዝ ቀረ። ልጆቹም እኔም በጣም ያዘንበት ነገር ነው፣ በጀት ማሳለፍ ያቃተው የእንግሊዝ መንግስት ይወርድ ነበር።

ለእንግሊዙ 5 ከ5፣ ለሲ-ስፓን 4። ዩቱብ ላይ ጥራቱን 144 አድርጉት፣ ፊት ለማየት አይደለም የምትከፍቱት፣ መብራት ስለሚሄድም ቀድማችሁ ዳውንሎድ አድርጉ። የአሜሪካ ኮሚቴዎች ብዙ ጊዜ ዋሽንግተን ላይ ጠዋት ይጀምራሉ፣ ለኛ ወደ ማታ 11 ወይ 12 ሰዓት ነው። ሁለቱም ረጅም እረፍት ስላላቸው ከመክፈታችሁ በፊት ሳይታቸው ላይ ካላንደሩን እዩ፣ በእረፍት ሳምንት ረቡዕ 9 ሰዓት ላይ ምንም የለም።