ቴሌብር በመሀል አዲስ አበባ፦ ማደያ ላይ ጎበዝ፣ ጉልት ላይ ሰነፍ

የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱን ቴሌብርን የሚያቀርበው ኢትዮ ቴሌኮም ዋና መሥሪያ ቤቱ ቸርችል ጎዳና ላይ ነው። ደንቡን የሚያወጣው ብሔራዊ ባንክ ደግሞ ከዚያ ቁልቁል፣ በእግር የሚደረስበት ቦታ ላይ ተቀምጧል። አገልግሎቱን ስንገመግም ይህን ጉርብትና መርሳት አይገባም። ከኮቪድ ወዲህ መንግሥት በኢኮኖሚው ላይ የወሰናቸው ትልልቅ ነገሮች፣ የነዳጅ ድጎማው መነሳትም ሆነ የመንግሥት ድርጅት አክሲዮን ሽያጩ፣ ተራው ሰው እጅ የገቡት በዚሁ የስልክ መተግበሪያ በኩል ነው። እንደ መክፈያ ብቻ ያየው ሰው ግማሹን አላየም።

ጊዜውን ቅደም ተከተል አስይዘን እንየው። የመጀመሪያው የኮሮና ተጠቂ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነበር። በዚያው ሰሞን ብሔራዊ ባንክ ባንክ ያልሆኑ ድርጅቶች የኤሌክትሮኒክ ገንዘብ አገልግሎት እንዲሰጡ የሚፈቅድ መመሪያ አወጣ። ግንቦት ላይ በጥሬ ገንዘብ የሚወጣው ብር ተገደበ፤ ግለሰብ በቀን 200 ሺህ፣ ድርጅት 300 ሺህ። መስከረም 4 ቀን 2013 የብር ኖቶቹ ተቀየሩ፣ ባለ 200 ብሩም መጣ። ቴሌብር ሥራ የጀመረው ግንቦት 3 ቀን 2013፣ በወረርሽኙ ሳቢያ ከነሐሴ 2012 ተገፍቶ ሰኔ 14 ከተካሄደው ምርጫ ስድስት ሳምንት ገደማ ቀደም ብሎ ነው። በዚያው ግንቦት በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት የቴሌኮም ፈቃዱን በ850 ሚሊዮን ዶላር ቢያገኝም የሞባይል ገንዘብ አልተፈቀደለትም ነበር። የሳፋሪኮሙ የሞባይል ገንዘብ ኤምፔሳ አገር ውስጥ ሥራ የጀመረው ነሐሴ 2015 ላይ ነው። ቴሌብር ከሁለት ዓመት በላይ ሌላ ቴሌኮም ሳይገዳደረው ሮጧል ማለት ነው። ዛሬ ያሉት ከ50 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች የጥራቱ ብቻ ሳይሆኑ የዚህ ቀድሞ መነሳት ውጤትም ናቸው።

ምዝገባው ቀላል ነው፤ ምስጋና የሚገባውም እዚህ ላይ ነው። የኢትዮ ቴሌኮም ሲም ካለ *127# ደውሎ ወይም የቴሌብርን መተግበሪያ (ሱፐርአፑን) አውርዶ የሚስጥር ቁጥር ማውጣት ይበቃል። ተራው ቀፎም ይሠራል። ኢንተርኔት በተቋረጠ ቀን ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ *127# ዳታ አይፈልግም።

ከምዝገባ በኋላ ብዙ ሰው የሚዘነጋው የሒሳብ ደረጃውን ማሳደግ ነው። በ2012ቱ መመሪያ መሠረት የመጀመሪያው ደረጃ ሒሳብ ከ5 ሺህ ብር በላይ መያዝ አይችልም ነበር፤ በቀን የሚንቀሳቀስበትም 1 ሺህ ብቻ። ሁለተኛው እስከ 20 ሺህ ይዞ በቀን 5 ሺህ፣ ሦስተኛው እስከ 30 ሺህ ይዞ በቀን 8 ሺህ። ገደቦቹ በኋላ ከፍ ቢሉም አሠራሩ ያው ነው፦ መታወቂያ ያላስያያዘ ሒሳብ ጠባብ ነው። ፋይዳ (ብሔራዊ መታወቂያ) ያለው ሰው መረጃውን ቀድሞ ማሟላት አለበት። ይህ የሚታወሰው ብዙውን ጊዜ ትልቅ ክፍያ ላይ «ከተፈቀደው ገደብ በላይ ነው» የሚል መልስ ሲመጣ ነው፣ ያኔ ደግሞ ሰው ሰልፍ ላይ ነው።

ገደቡ ምን ያህል በፍጥነት እንዳረጀ ነዳጁ ይናገራል። ሰኔ 29 ቀን 2014 ቤንዚን በሊትር 47 ብር ከ83 ሳንቲም ሲገባ 40 ሊትር ለመሙላት 1,913 ብር ይበቃ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሩ በገበያ እንዲመነዘር ተለቀቀ፤ 57 ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ታኅሣሥ 30 ቀን 2017 ቤንዚን 101 ብር ከ47 ሳንቲም ደረሰ፤ ያው 40 ሊትር 4,059 ብር ሆነ። በጥሬ ገንዘብ ቢሆን አሥር ባለ 200 ብር ኖት የነበረው ሃያ አንድ ኖት መሆኑ ነው። የጭነት መኪናማ ገና ከመነሻው አልቻለም፤ በ2014ቱ ዋጋ 200 ሊትር ናፍጣ 9,804 ብር ነበር፣ ከመጀመሪያው መመሪያ ከፍተኛ የቀን ጣሪያ በላይ። ጣሪያው እየተነሳ የሄደው በደግነት አይደለም፤ ሳይነሳ ነዳጅ በስልክ ክፈሉ ማለት ስለማይቻል ነው።

ስለ ነዳጁ ትንሽ እንቆይ፤ ቴሌብር በእውነት የተፈተነው እዚያ ነውና። በ2014 ክረምት መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ከሁሉም እያነሳ ለሕዝብ ማመላለሻ ብቻ ሊያስቀር ሲወስን፣ ሚኒባሱን ከቤት መኪናው የሚለይ ነገር አስፈለገው። መለያው የሰሌዳ ቁጥር፣ መክፈያው ቴሌብር ሆነ። ቀጥሎ አዲስ አበባ ውስጥ ከሚያዝያ 16 ቀን 2015፣ በመላ አገሪቱ ከግንቦት 1 ጀምሮ ነዳጅ በጥሬ ገንዘብ መቅዳት ቀረ።

አከፋፈሉ እንደ ማደያው ትንሽ ይለያይ እንጂ ይዘቱ አንድ ነው። የነዳጅ ክፍያ የሚለው ይከፈታል፤ የቀጂው ቁጥር ይገባል ወይም ኪውአር ኮዱ ይነሳል፤ ከዚያ የሰሌዳው ክልልና ኮድ፣ ቁጥሩ፣ የነዳጁ ዓይነት፣ የብሩ መጠን፣ በመጨረሻ የሚስጥር ቁጥር። ስህተቱ የሚበዛው ሰሌዳው ላይ ነው። ኮድ 1 የሆነ ታክሲ በችኮላ ኮድ 3 ተብሎ ከገባ ድጎማ ባለ ጊዜ ሲስተሙ የተፈቀደለትን መኪና አያገኘውም፣ ልዩነቱም ከሾፌሩ ኪስ ይወጣል። ሰሌዳውን ቀጂው ከሞላው ሾፌሩ የሚስጥር ቁጥሩን ከመንካቱ በፊት ስክሪኑን ማየት አለበት። ማየት አምስት ሰከንድ ነው፤ ማስተካከል ግን ቀናት ሊወስድ ይችላል።

ሁለተኛው ችግር ቅደም ተከተሉ ነው። «ፉል አድርግልኝ» ያለ ሰው ሒሳቡን የሚያውቀው ፓምፑ ሲቆም ነው፣ ስለዚህ ቀድቶ ይከፍላል። ኔትወርክ ያን ጊዜ ከጠፋ ነዳጁ ታንከር ውስጥ፣ ብሩ ስልክ ውስጥ ይቀርና መኪናው ከፓምፑ አይነቃነቅም፤ ኋላው ያለው ሰልፍም ጡሩምባውን ይጀምራል። በተቃራኒው ከፍሎ የሚቀዳ ሰው ፓምፑ መሀል ላይ ቢደርቅበት ቀሪውን ለማስመለስ ከማደያው ጋር ክርክር ይጠብቀዋል። ለስታዲየምም ለሜክሲኮም ማደያ ሰልፍ የሚያዋጣው ሊትር ወይም ፉል ከማለት የብር መጠን መናገር ነው። «የ2 ሺህ» ከተባለ ሁለቱም ወገን ቁጥሩን ቀድሞ ያውቀዋል፣ ክፍያውም እየተቀዳ ሊያልቅ ይችላል። ከባንክ ወደ ቴሌብር ማስተላለፍም ሰልፉ ውስጥ ሆኖ ሳይሆን ከቤት ሳይወጡ የሚሠራ ሥራ ነው፤ አንደኛው ሲስተም ቢሠራ ሌላው ሊዘገይ ይችላል።

ከሁሉም በላይ፦ መልእክት ሳይመጣ ሲቀር ወዲያው ደግማችሁ አትክፈሉ። ክፍያው አልፎ መልእክቱ ብቻ የዘገየ ሊሆን ይችላል። አስቀድሞ በ*127# ቀሪ ሒሳብ ይታይ። ብሩ ካልተቀነሰ ይደገም፣ ከተቀነሰ ግን የግብይት ቁጥሩን ከሱፐርአፑ የክፍያ ዝርዝር አውጥቶ ለቀጂው ማሳየት ነው።

ድጎማውን ለታለመለት ብቻ የማድረሱን ሥራ ቴሌብር ተወጥቶታል እንላለን። ነዳጅ በሌለበት ቀን ግን መክፈያው ምንም አያደርግም። በሃይላንድ የሚቸበቸበው ቤንዚን ዛሬም በጥሬ ገንዘብ ነው የሚሸጠው፣ ሻጩም ሰሌዳ አይጠይቅም።

አሁን ከማደያው ወጥተን ወደ ሱቅና ጉልት እንሂድ። እዚህ ነጥቡ ይወርዳል። ቴሌብር ለነጋዴ የተለየ ሒሳብ አለው፤ ገዢው የነጋዴውን አጭር ቁጥር ያስገባል ወይም ጠረጴዛው ላይ የተለጠፈውን ኪውአር ያነሳል። ካፌዎች፣ ፋርማሲዎችና ሱፐርማርኬቶች ይህን ይዘዋል። የመርካቶ ባለሱቅና የሰፈር ባለኪዮስክ ግን አብዛኛውን ጊዜ የግል ስልኩን ነው የሚያነብላችሁ። ለምን ቢባል የነጋዴ ሒሳብ ንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ ቁጥር ይጠይቃል፣ የዕለት ሽያጩም አንድም ሳይቀር ተመዝግቦ ይቀመጣል። በቁርጥ ግብር የሚተዳደር ሰው ይህን መዝገብ የሚያየው በገቢዎች ዓይን ነው። የመተግበሪያው ጉድለት አይደለም፤ ነጋዴው ከግብር ሰብሳቢው ጋር ያለው ያለመተማመን ነው፣ ኪውአር በመለጠፍም አይፈታም። ገዢው ግን ዋጋውን ይከፍላል፦ ለግል ቁጥር የተላከ ብር የማስተላለፊያ ክፍያና በዚያ ክፍያ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለው፣ ደረሰኙም የግዢ ደረሰኝ አይደለም። ዕቃ መመለስ ወይም ወጪ ማወራረድ የሚኖርበት ሰው የነጋዴ ቁጥር ይጠይቅ።

ለግል ቁጥር ሲላክ የተቀባዩ ስም ከማረጋገጫው በፊት ስክሪኑ ላይ ይመጣል። ጮክ ብላችሁ አንብቡት። አንድ አሃዝ ስታችሁ ለማያውቁት ሰው የላካችሁት ብር በራሱ አይመለስም፤ 127 ላይ ደውሎ የግብይት ቁጥሩን ማስመዝገብ ያስፈልጋል፣ ተቀባዩ አስቀድሞ ካወጣው ደግሞ ነገሩ ይከብዳል።

ሻጩም የራሱ ሥጋት አለው፦ የውሸት መልእክት። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው። ከተራ የስልክ ቁጥር የመጣ «ይህን ያህል ብር ተቀብለዋል» የሚል ጽሑፍ፣ የቱንም ያህል ቢመስል፣ ክፍያ አይደለም። የገዢው ስልክ ላይ ያለ ፎቶም ማስረጃ አይሆንም፤ ፎቶ ይሠራል። አስተማማኙ የራስን ቀሪ ሒሳብ ማየት ነው፤ ካልሆነም ደረሰኙን በግብይት ቁጥሩ ከኢትዮ ቴሌኮም ድረ ገጽ ማውጣት ይቻላል። በገበያ ሰዓት ይህን ሁሉ ማጣራት ስለሚያሰለች ነው ብዙ ባለጉልት «በእጅ ስጠኝ» የሚለው፣ አይፈረድበትም።

መላ፣ እንደኪሴና ሳንዱቅ የተባሉት የብድርና የቁጠባ አገልግሎቶች በነሐሴ 2014 ገደማ ከዳሸን ባንክ ጋር ተጀምረዋል። ብድሩ ያለ መያዣ፣ በአጠቃቀማችሁ ታይቶ የሚሰጥ ነው። ለአስቸኳይ ጉዳይ ይጠቅማል፤ ክፍያውን ከአጭር የመመለሻ ጊዜው ጋር ሳያሰሉ መውሰድ ግን አይመከርም።

አክሲዮኑ ደግሞ ሌላ ፈተና ነበር። ጥቅምት 6 ቀን 2017 ኢትዮ ቴሌኮም የድርሻውን 10 በመቶ፣ ማለትም 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ እያንዳንዱን በ300 ብር በቴሌብር ለሽያጭ አቀረበ። ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን ወይም 9,900 ብር፣ ትልቁ 3,333 አክሲዮን። ሽያጩ ተራዝሞ የካቲት 2017 ላይ ሲዘጋ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ነበር፣ 3.2 ቢሊዮን ብር። አሥር እጅ ከቀረበው አንድ እጅ ትንሽ አለፍ ብሎ። ጥፋቱን መተግበሪያው ላይ መጣል ልክ አይመስለንም። ከሰልፍና ከወረቀት የተሻለ መግዣ ነበር። ያልነበረው የ9,900 ብር ትርፍ ያለው ሰው ነው፤ ብር ዋጋው በወደቀበት ዓመት እጁ ላይ ያለውን ሰው ጤፍና የቤት ኪራይ ላይ አውሎታል።

ሳፋሪኮም ሲም ያለው ሰው ኤምፔሳን ደርቦ ቢይዝ አይጎዳም፤ አንዱ ሲቆም ሌላው ይሠራል፣ ውድድሩም ሁለቱንም ያነቃል። ለመንግሥት አገልግሎት ክፍያ ግን አሁንም ቴሌብር ነው የሚቀድመው። የመብራት፣ የውሃ፣ የትራፊክ ቅጣትና የፓስፖርት ክፍያ ለሚበዛበት ሰው ሌላ ምርጫ ማየት አያስፈልገውም።

ሞባይላችሁ በታክሲ ግፊያ መሀል ከጠፋ መጀመሪያ በሰው ስልክ 994 ወይም 127 ደውላችሁ ሲሙንና ሒሳቡን አስቆሙ፤ ፖሊስ ጣቢያ የሚኬደው ከዚያ በኋላ ነው። የሚስጥር ቁጥሩ የልደት ዓመት ወይም የስልኩ መጨረሻ አሃዞች ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ይቀየር።