ኤሌውሲስ ወይስ ዲዮኒሶስ? ለሞት የተዘጋጁ ሁለት መንገዶች

ከሞት በኋላ ስለሚጠብቀው ነገር የሚጨነቅ የጥንት ግሪካዊ ምርጫ ነበረው። ሁለቱም የገባባቸው ሰው ብቻ የሚያውቃቸው የምስጢር ሃይማኖታዊ ሥርዓቶች ናቸው፤ አንዱ በኤሌውሲስ ከተማ የሚካሄደው ነው፤ ሌላው የወይን አምላኩ የዲዮኒሶስ።

ኤሌውሲስ ቦታው የታወቀ ነው፤ ከአቴንስ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ። በየዓመቱ መስከረም አካባቢ ሕዝቡ በሰልፍ ይተማል። ግሪክኛ እስከቻለና የሰው ደም እስከሌለበት ድረስ ሴትም ባሪያም ይገባል። ጾመው ኪኬዎን ይጠጣሉ፤ የገብስ ዱቄት በውሃና ናና መሰል ቅጠል ተበጥብጦ ማለት ነው፣ የኛ በሶ የሩቅ ዘመድ በሉት። አዳራሹ ውስጥ ምን አዩ? ጭጭ። ምስጢር ማውጣት በሞት ያስቀጣ ነበር።

የዲዮኒሶስ ምስጢር ግን አንድ ቋሚ አድራሻ የለውም፤ በየከተማው እየዞሩ ሰው የሚያስገቡ ካህናት ነበሩት። እኔን የሚስበኝ ይሄኛው ነው፣ ምክንያቱም በእጅ የሚያዝ ማስረጃ ትቶልናል። በ1985 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) በግሪክ ቴሳሊ ግዛት ውስጥ ፔሊና በሚባል ቦታ አንድ የሴት መቃብር ተከፈተ። ደረቷ ላይ በሐረግ ቅጠል ቅርጽ የተቆረጡ ሁለት ስስ የወርቅ ቁራጮች ተገኙ፣ ጽሑፍ አለባቸው። ሟቿ በዚያችው ቀን እንደሞተችም እንደተወለደችም ይነግሯታል፤ ለሙታን ንግሥት ለፐርሰፎኔ "ባኮስ (ዲዮኒሶስ ማለት ነው) ራሱ ነፃ አወጣኝ" ብለሽ ንገሪያት ይላሉ። የወይን ጠጅም እንደ ክብር ተሰጥቷታል።

ኤሌውሲስ ከሞት በኋላ ደስተኛ ትሆናለህ ብሎ ተስፋ ይሰጣል። ይሄ ግን በሩ ላይ የምትናገረውን ቃል ጭምር አስይዞ ይልክሃል። በወርቁ ላይ የተጻፈው፣ ኮርማ ሆነህ ወተት ውስጥ ዘለልክ የሚለው መስመር ብቻ ምን ማለት እንደሆነ ተመራማሪዎችን ዛሬም ያጨቃጭቃል።