የቆየ ሞዴል ባቡር፦ ሞተሩን ማጽዳት ወይስ መቀየር?

የጅቡቲው ባቡር በሚያልፍባት አዳማ ላደግን ሰዎች፣ ባለ 1፡87 (ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ) ሞዴል ሎኮሞቲቭ፣ ማለትም ጎታቹ የባቡር ክፍል፣ ቆሞ ማየት ያሳዝናል።

ማጽዳት፦ ወጪው አልኮል፣ ጥጥና አንዲት ጠብታ ቀጭን ዘይት ነው። ብዙ ጊዜ ሞተሩ አልሞተም፤ ግራሶው እንደ ሰም ደርቆ የማርሽ ጥርሶቹን ይዟቸዋል፣ ካርቦኑ (ኤሌክትሪክ ወደሚዞረው የሞተር ክፍል የሚያስተላልፈው ቁራጭ) የሚነካው መዳብም ጠቁሯል። በአልኮል ስታሹት ቀይ መልኩ ይመለሳል። እኔ በጣም የምወደው ይህን ሰዓት ነው። ዘይት ከበዛ ግን የከተማችንን አቧራ ይሰበስባል። ካርቦኑን የምትገፋው ትንሿ ሞላ እንዳትፈናጠር ደግሞ እጃችሁን ከልሉባት፤ እኔ አንዷን ምንጣፍ ውስጥ ስፈልግ አመሸሁ።

መቀየር፦ አዲሱ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ቀስ ብሎም የሚነሳ ነው። ግን ከውጭ ማስመጣት፣ ሽቦ መበየድ፣ ዘንጉን ከጥርሱ ማስተካከል አለ።

ጥቅልል ሽቦው ተቃጥሎ ከሸተተ ቀይሩት። የቤተሰብ ማስታወሻ ከሆነና ዘንጉ በእጅ የሚዞር ከሆነ ግን መጀመሪያ አጽዱት።