ለዳገታችን መንገድ ያበጀችልን እህታችን፦ ምስጋናና ጥቆማ

ባሕር ዳር ላይ እንግዳ ይዛችሁ በእግር የምትጓዙ አስጎብኚዎች፣ በዕረፍት ቀን ተራራ የምትወጡ የጉዞ ማኅበሮች፣ ለሥራ ገጠር የምትዞሩ ባለሙያዎች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ስልክ በመጠገንና ሶፍትዌር በመጫን የምትተዳደር አንዲት የከተማችን ልጅ አለች። ስሜን በአደባባይ አትጥራው ስላለችኝ አልጠራውም፤ ሥራዋን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ስልካችን ላይ የነበረው መንገድ ጠቋሚ፣ ለእግረኛ የሚለውን ስንመርጥለት እንኳ አስፋልት አስፋልቱን ይወስደን ነበር። ሲኖትራክና ሚኒባስ በሚሽቀዳደሙበት የጎንደር አስፋልት ዳር እንግዳ አሰልፎ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ የሄደበት ያውቀዋል። ሰዓቱም አይገጥምም፤ ሜዳውንም ዳገቱንም በአንድ ፍጥነት ነው የሚያሰላው።

እህታችን ስልኩን ከመንካቷ በፊት ቁጭ አድርጋ ጠየቀችን። ስንት ሆናችሁ ነው የምትጓዙት? ጓዙ በበቅሎ ነው ወይስ በጀርባ? ዕድሜያቸው የገፋ እንግዶች አሉ? ክረምትም ትወጣላችሁ? መልሳችንን ጽፋ ከያዘች በኋላ ነው ኦስምአንድ የሚባለውን የካርታ አፕ ጭና፣ ቢራውተር ከሚባል መንገድ መራጭ ፕሮግራም ጋር ያገናኘችው። ሁለቱም ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ፣ ካርታቸውም ኦፕን ስትሪት ማፕ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረና ማንም ሰው የአካባቢውን መንገድ ሊጨምርበት የሚችል ካርታ። ቢራውተር መረጃውን በየ5 ዲግሪው ቆርጦ ስለሚያስቀምጥ፣ ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ምሥራቅና ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ሰሜን ያለውን አንዱን ፋይል ብቻ ስናወርድ ባሕር ዳርን፣ ጮቄን፣ ጉናን፣ ጎንደርንና ስሜንን አንድ ላይ አገኘን።

ዋናው ሥራዋ ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። የቢራውተር ፕሮፋይል፣ ማለትም መንገድ የሚመርጥበት ደንብ፣ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። እያንዳንዱ ዓይነት መንገድ የድካም ዋጋ ይሰጠዋል፤ ፕሮግራሙ ድምሩ ያነሰውን መስመር ይመርጣል። ለአስፋልቱ ከፍ ያለ ዋጋ ሰጠችው፣ ለእግር መንገዱና ለጋሪ መንገዱ ዝቅ አደረገችው። የዳገቱን ቁጥር ስታስገባ ደግሞ ከየት እንዳመጣችው አስረዳችን። ዊልያም ኔይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ስሌት አለ፤ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ትሄዳለህ፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት ደግሞ 1 ሰዓት ትጨምራለህ። 10 ኪሎ ሜትር ሄዶ 600 ሜትር የሚወጣ ሰው እንግዲህ 3 ሰዓት ይፈጅበታል ማለት ነው። በዚህ ስሌት አንድ ሜትር መውጣት 8 ሜትር ያህል ሜዳ እንደመሄድ ይቆጠራል፣ እሷም ያንኑ 8 አስገባች። አሁን ስልካችን ኮረብታውን ወጥቶ የሚወርደውን አጭር መንገድ ትቶ፣ የአገሩ ሰው በቅሎውን እየነዳ ኮረብታውን የሚዞርበትን መንገድ ይመርጥልናል። እኔን ከሁሉ በላይ ያስደሰተኝ ይህ ነው።

ስሌቱ የተሠራው ለስኮትላንድ ተራሮች መሆኑንም አልደበቀችንም። ከተማችን ራሷ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጉናና ጮቄ ከ4,000 ሜትር ያልፋሉ። እዚያ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 60 በመቶ ገደማ ስለሆነ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ሌላ ቀርፋፋ ፍጥነት ያዘጋጀችልን ለዚህ ነው።

የስዊዘርላንድ አልፓይን ክለብ የተራራ መንገድን በ6 የአስቸጋሪነት ደረጃ ይከፍላል፣ ቢራውተርም ከስንተኛው በላይ እንዳያልፍ ገደብ ይቀበላል። 3ኛው ላይ አቆመችልን። የእኛ አገር ዱካ አብዛኛው ደረጃ ስላልተጻፈለት ግን ባዶውን እንዳይዘለው አስተካከለችው።

ከዚያ ፕሮፋይሉን ለሁለት ከፈለችው፤ አንዱ ለበጋ፣ አንዱ ለክረምት። በክረምቱ ላይ ድልድይ የሌለውን የወንዝ መሻገሪያ ሁሉ ዋጋውን 10,000 አድርጋ ዘጋችው። ቢራውተር ላይ ይህ ቁጥር አይታለፍም ማለት ነው። ርብና ጉማራ በሐምሌ ሲሞሉ ያየ፣ የፎገራን ዋልካ በእግሩ የረገጠ ሰው ይህ ምን እንደሚያድን ይገባዋል።

ዘጌ ድረስም አብራን መጣች። በቡናው ጫካ ውስጥ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚያስገቡት መንገዶች ብዙ ናቸው፤ ካርታው ላይ ያልነበሩትን በጂፒኤስ እየቀዳች ቆየችና ማታውን ኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ አስገባቻቸው። ለእኛ ብቻ ሳይሆን ነገ ለሚመጣው እንግዳ ሁሉ ማለት ነው። በየብስ መሄድ ስንፈልግ በጣና ላይ የተሰመረ የጀልባ መስመር እንዳይጠልፈን የሚዘጋውንም ቁልፍ አሳየችን። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራው ጢስ ዓባይ ያለው የድንጋይ ድልድይም በእግረኛ መንገድነት መመዝገቡን አረጋገጠችልን።

የማትችለውን አልችልም ማለቷን ደግሞ ወደድኩላት። ፕሮግራሙ የሚጠቀምበት የከፍታ መረጃ በአብዛኛው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 ከኤንደቨር የጠፈር መንኮራኩር በራዳር የተለካው ነው። እንደ ስሜን ባለ ገደላማ ቦታ ልኬቱ ገደሉን አለስልሶ ተዳፋት ሊያስመስለው ስለሚችል፣ «እዚያ የፓርኩን ጠባቂ፣ ስካውቱን፣ ተከተሉ፤ ስልኩ ከኋላ ይምጣ» ብላናለች። እኔም ለማኅበራችን ልጆች ይህንኑ እደግማለሁ።

ዋጋዋን ቀድማ ተናገረች፣ ስትጨርስም ያልተነጋገርነውን አልጠየቀችም። በፋይሉ ውስጥ ከየቁጥሩ አጠገብ በአማርኛ ማብራሪያ ጽፋ ስለተወችልን ልጆቻችን አሁን ራሳቸው እየቀየሩ ይሞክሩታል። እህታችን፣ እጅሽ ይባረክ! እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጃት እልክላችኋለሁ። ስትሄዱ ስልካችሁ ላይ በቂ ባዶ ቦታ ይኑር፤ የምትመላለሱባቸውን መንገዶች፣ የቡድናችሁን ብዛትና የጭነታችሁን ዓይነት አስባችሁ ሂዱ፣ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው። አይፎን የያዛችሁ ቀድማችሁ ንገሯት፤ ቢራውተር አፕ ሆኖ የሚጫነው አንድሮይድ ላይ ነው።