በሃይላንድ የሚሸጠውን አኳራጅ አትግዙ

ጅማ ያላችሁ፣ በተለይ ለበዓል ቤት ልታስቀቡ ወይ በርጩማና ወንበራችሁን ቫርኒሽ ልታስቀቡ ያሰባችሁ፣ ይህቺን ሳታነቡ እንዳትወጡ። እዚሁ ጅማ መርካቶ አካባቢ ከበርሜል እየተቀዳ በሃይላንድ የሚሸጥ አኳራጅ (የቀለምና የቫርኒሽ ማቅጠኛ) አለ። ዋጋው ከታሸገው ግማሽ አይሞላም። ምክንያቱም ቤንዚን ተቀላቅሎበታል።

ቀለም ቀቢያችን አንዱን ይዞ መጣ። የውሃው ወረቀት እንኳ አልተላጠም። ፀሐይ ላይ ቆይቶ ጠርሙሱ ተነፋፍቷል፣ ክዳኑ ገና ላላ ሲል "ጢስስ" ብሎ ተነፈሰና ግቢው በአንዴ ማደያ ማደያ ሸተተ። ሻጩ ጋ ይዘነው ስንመለስ "ያው ነው ባክህ፣ ይሄም ያቀጥናል ያም ያቀጥናል" አለን። ደረሰኝ የለም። ብር መመለስማ ጭራሽ አይታሰብም።

ያው አይደለም። የሚነደው ፈሳሹ ሳይሆን ትነቱ ነው። የተለመደው አኳራጅ እሳት የሚይዝ ትነት የሚያወጣው ብዙውን ጊዜ 38 ዲግሪ ገደማ ወይ ከዚያ በላይ ሲሞቅ ነው፣ ጅማ ደግሞ እንዲህ አትሞቅም። ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ እንኳ ይተናል፣ የማለዳ ብርድ አያግደውም። አየሩ ውስጥ 1.4 በመቶ ከሆነ ለመቀጣጠል ይበቃዋል። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል እየተሳበ በበር ሥር አልፎ ጓዳ ያለው ከሰል ጋ ይደርሳል። ጅማ ላይ ደግሞ ቡና የማይፈላበት ሰዓት የት አለ? ቀቢው አኳራጅ የያዘ መስሎት እንደልማዱ መስኮት ዘግቶ ይሠራል፣ እናንተ ጓዳ ከሰል ታራግባላችሁ።

አኳራጅ ራሱ ጨዋ ነው ማለቴ አይደለም፣ ጨርቅ ከጠጣው ቶሎ ይቀጣጠላል። ቲነር ደግሞ በተራ የቤት ሙቀት እሳት ይይዛል፣ እንደ ቤንዚን ቁጠሩት።

ስትገዙ የታሸገና ጽሑፍ ያለበትን ያዙ፣ ደረሰኝም ጠይቁ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ፣ ቁጥር 813/2006፣ ለዚሁ ነው የወጣው። ከተጠራጠራችሁ ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አድርጉ፦ ቤንዚን የበዛበት ቶሎ ብን ይላል፣ ናፍጣ ያለበት ደግሞ የቅባት ምልክት ይተዋል (እሱ የተቀላቀለበት ቫርኒሽ አልደርቅ ብሎ ያስለቅሳችኋል)። ክብሪት ጭሮ "እንሞክረው" የሚል ጀግና አይጠፋም፣ እባካችሁ አስቁሙት።

ገዝታችሁ ከሆነ ቤት ውስጥ አታሳድሩት። በደንብ የሚዘጋ የብረት ጣሳ ውስጥ ገልብጡት፣ ላዩ ላይ ጻፉበት፣ ከቤት ርቆ ጥላ ውስጥ ይቀመጥ። ቦይ ውስጥ ወይ አዌቱ ወንዝ ላይ አትድፉት። እሳት ከተነሳ ውሃ አትድፉበት፣ ቤንዚኑ ውሃው ላይ ተንሳፎ እሳቱን ያሰፋዋል። አሸዋ ወይ አፈር አልብሱት፤ ከሰፋ ግን ንብረት ትታችሁ ውጡ።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ያ የውሃ ጠርሙስ ነው። ልጅ ውሃ መስሎት ከጠጣ አታስመልሱት፣ ሲመለስ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ወተትም አትስጡት። ጠርሙሱን ይዛችሁ ወደ ሆስፒታል ሩጡ፣ ለሐኪሙም "አኳራጅ ነው" ብላችሁ እንዳታበቁ፣ ቤንዚን ሊኖርበት እንደሚችል ንገሩት።