28,000 ብር የከፈልኩበት "ሴራሚክ" በሁለት እጥበት ለቀቀ፤ አዲስ መኪና ያላችሁ ስሙኝ

በቅርቡ መኪና የገዛችሁ ወይ ልትገዙ ያሰባችሁ ይቺን አንብቧት። ሴራሚክ የሚሉት የመኪናን ቀለም ይጠብቃል ተብሎ ከላይ የሚቀባ ፈሳሽ ነው፤ የኔ ብር በሱ አንዴ ሄዷል። የእናንተ እንዳይሄድ ነው።

ከወንድሜ ጋር ተዳብለን አንዲት ነጭ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛን። በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ሰው ወደ ኤሌክትሪክ እየዞረ ነው፣ እኛም ዞርን። ከአዲስ አበባ በሎቤድ (መኪና በሚጭነው ከባድ መኪና) ተጭና፣ ዓባይ በረሃን ወርዳ ወጥታ፣ ግንቦት ላይ ፍኖተ ሰላም ገባች። ዜሮ ኪሎ ሜትር። የወንበሩ ላስቲክ እንኳ አልተነሳም። (እናቴ "ላስቲኩ እንዳይነሳ" ብላ እስከዛሬ ትሟገታለች፣ እሱ ሌላ ወሬ ነው።)

ታዲያ ሰው "እንኳን ደስ ያላችሁ" ካለ በኋላ የሚያስከትለው ነገር አንድ ነው፤ "ሴራሚክ አስቀቧት።" ጎሚስታው አለ። ባንክ የሚሠራው ጎረቤታችን አለ። ቲክቶክ ላይማ ውሃው ኮፈኑ ላይ እንደ ጤዛ ሲንከባለል እያሳዩ ልብ ያማልላሉ። ባሕር ዳር አንድ ቤት ተጠቆምን። ስሙን አልጠራም፤ ዘዴውን ካወቃችሁት የትም ከተማ ትለዩታላችሁ። ሌሊት ተነስተን በቡሬ፣ በእንጅባራ፣ በዳንግላ፣ በመራዊ አድርገን ከተፍ አልን።

የቤቱ ልጅ ሲያወራ የጎጃም ማር ነው። "አያ፣ ይሄ እኮ ዘጠኝ ኤች ነው፣ ከአልማዝ ቀጥሎ ያለ ጥንካሬ። ድንጋይ አይጭረው፣ ጸሐይ አይነካው፣ አምስት ዓመት አትነኳትም።" የአውራ ጣት የምታክል ጠርሙስ አሳየን። አንድ ቁራጭ ኮፈን ላይ ላይተር ለኩሶ አሳለፈበት። አልተቃጠለም። እኔና ወንድሜ ተያየን። ለአፍታ እሳት ቢያልፍበት ምንም ያልተቀባ የመኪና ቀለምም እንደማይቃጠል ያኔ ማን ይንገረን።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት አስረከብናት። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ "አልቋል፣ ኑ" ተብሎ ተደወለ። አምስት ሰዓት መሆኑ ነው። ይቺን አምስት ሰዓት ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ስንደርስ መስታወት መስላለች። ውሃ በጀሪካን አፈሰሰባት፣ ውሃው ዶቃ ዶቃ እየሆነ ወረደ። ወንድሜ ቪዲዮ ቀረጸ፣ ለዘመድ ሁሉ ላከ። 28,000 ብር በሞባይል ላክን፣ ያውም በግለሰብ ስም ወደተከፈተ ሒሳብ። ደረሰኝ ስንለው "ማሽኑ ተበላሽቶ ነው፣ የዋስትና ካርዱ ይበቃችኋል" አለ። ካርዱ "5 ዓመት" ይላል። ማህተም የለው፣ የተቀባው ነገር ስም የለው፣ የሰሌዳ ቁጥሩ ቦታ ባዶ። ስንለያይ ደግሞ "አያ፣ ሁለት ወር ሙሉ ሳሙና የሚባል እንዳያርፍባት፣ በውሃ ብቻ" ብሎ አስጠነቀቀን። እንዴት ያለ ለሰው ንብረት የሚያስብ ልጅ ነው አልኩ። ያባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲባል እሰማ ነበር፣ የኔዋን መኪና ግን ሳሙና ጠማት።

ሰኔ ገባ። የጎጃምን ክረምት ታውቁታላችሁ። ከግቢ እስከ አስፋልት ያለችው መንገዴ ሦስት መቶ ሜትር አትሞላም፣ ግን መኪናዋን ጭቃ ለማልበስ እሷ ብቻ ትበቃለች። ውሃ ብቻ አላስለቅቅ አለ። ሐምሌ ላይ ትዕግስቴ አለቀና በመኪና ሻምፖ አጠብኳት። ዶቃው ግማሹ ጠፋ። በሳምንቱ ደገምኳት። ውሃው ኮፈኑ ላይ እንደ ተነጠፈ አንሶላ ተኛ።

በዚያው ሰሞን የአክስቴ ልጅ መጣ። ጋራዥ ውስጥ ቀለም ሲቀባ ያደገ ሰው ነው። ቀና ብሎ አያትና ምንም ሳይል "ፌስታል አምጡልኝ" አለ። መክሰስ ሊቋጥር መስሎኝ ነበር። እጁን ፌስታሉ ውስጥ ከቶ የታጠበውን ኮፈን በስሱ ዳበሰው። "ና አንተም ሞክር" አለኝ። በባዶ እጅ ለስላሳ የነበረው በፌስታሉ ሲሆን አሸዋ አሸዋ ይላል። ቀጥሎ ወደ በሩ ጎንበስ አድርጎኝ ነጩ ቀለም ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ ብርቱካንማ ነጥቦች አሳየኝ። ዝገት ነው። የመኪናዋ ቆርቆሮ ዝጎ አይደለም፣ ከውጪ መጥተው ቀለሙ ላይ የተሰኩ ደቃቅ የብረት ብናኞች ናቸው።

እኔ "ዜሮ መኪና ምን ቆሻሻ አላት" ባይ ነበርኩ። ለካ ከፋብሪካ ወጥታ ወደብ ላይ ስትቆም፣ በመርከብ ስትመጣ፣ ጂቡቲ የባሕር አየር ሲመታት፣ በሎቤድ ተጭና የከባድ መኪና ፍሬን ብናኝ ሲበርባት፣ እኛ ጋ እስክትደርስ የሰበሰበችው ብዙ ነው። በተራ እጥበት አይለቅም።

እዚህ ላይ ያስረዳኝን በአጭሩ ልንገራችሁ፣ ጉዳዩ ሁሉ ያለው እዚህ ውስጥ ነው። የመኪና ቀለም ከነሥሩ ተደምሮ ውፍረቱ አንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ገደማ ነው። ከላይ ያለው ቀለም አልባው ክሊር ከ40 እስከ 50 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) አካባቢ፣ ከራስ ጸጉር የቀጠነ። ሴራሚክ የሚሉት ደግሞ መሠረቱ ሲሊካ የሆነ ፈሳሽ ነው፣ ሲደርቅ አንድ ሁለት ማይክሮን ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ከሥሩ ያለውን ምንም አይደብቅም። ጭረት ካለ ጭረቱን፣ ብናኝ ካለ ብናኙን እንዳለ አሽጎ ያስቀምጠዋል።

ለዚህ ነው ሥራው ማለት ቅቡ ሳይሆን ከቅቡ በፊት ያለው ነው የሚባለው። መጀመሪያ በደንብ ይታጠባል። ከዚያ ብረት የሚያሟሟ ፈሳሽ ይረጫል፤ ብናኙን ሲያገኘው ወይን ጠጅ ቀለም እያለቀሰ ይወርዳል፣ ደስ ይላል ለማየት። ያልለቀቀውን ክሌይ በሚሉት፣ እንደ ልጆች መጫወቻ ጭቃ በሚለጠጥ ነገር፣ ገላው ረጥቦ ሳለ እያንሸራተቱ ያነሱታል። ጭረት ካለ በማሽን ፖሊሽ ይደረጋል። የፖሊሹ ቅባት ከቀረ ሴራሚኩ ቀለሙን አይዝም፣ ስለዚህ በአልኮል ይጠረጋል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ያቺ ትንሽ ጠርሙስ የምትከፈተው፤ ጥላ ውስጥ፣ አቧራ በሌለበት፣ ቆርቆሮው ቀዝቅዞ፣ አንድ በር ተቀብቶ ጥቂት ቆይቶ ተጠርጎ፣ ቀጣዩ በር። ሲያልቅ ቢያንስ አንድ ሌሊት ውሃ ሳይነካው ማደር አለበት። ሳሙናው አንድ ሳምንት ገደማ ይከለከላል። ሁለት ወር አይደለም!

አሁን ወደዚያች አምስት ሰዓት እንመለስ። አምስት ሰዓት ይሄን ሁሉ አያሠራም። ደህና ሠራተኛ ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ ይይዛታል፣ ብዙ ጊዜ ሁለት። የኔው ልጅ ደግሞ ሴራሚክ ነው ባለው ነገር ላይ፣ ተቀብቶ ሰዓት እንኳ ሳይሞላው፣ ውሃ በጀሪካን አፍስሶበታል። እውነተኛ ሴራሚክ ቢሆን ኖሮ ያ ራሱ ሥራውን ያበላሸዋል። እኛ ደግሞ ያንኑ ቪዲዮ ቀርጸን ለዘመድ አሰራጨን።

የውሃው ዶቃ ነው ሰዉን የሚበላው። ተራ ሰምም፣ ርካሽ ማንጸባረቂያ ስፕሬይም በመጀመሪያው ቀን ልክ እንደዚያ ዶቃ ይሠራል። ልዩነቱ የሚታየው ሳሙና ሲነካው ነው። "ሁለት ወር ሳሙና እንዳይነካት" የሚለው ምክር ለምን እንደተሰጠን አሁን ገባችሁ? ሁለት ወር አለፈ ማለት ክረምቱ፣ ጭቃው፣ "በኦሞ አጥበኸው ነው" የሚለው ሰበብ ሁሉ ተሰልፎ ይጠብቃችኋል ማለት ነው።

ዘጠኝ ኤች የተባለውም ነገር ጨዋታ ነው። ቁጥሩ የመጻፊያ እርሳስ ነው። ቀለም ላይ ጥንካሬያቸው የተለያየ እርሳሶች እየገፉ የትኛው እንደሚጭረው የሚያዩበት መለኪያ አለ፣ ዘጠኝ ኤች የመጨረሻው ጠንካራ እርሳስ ነው። አልማዝ 10 የሚባለው በሌላ፣ በማዕድን መለኪያ ነው። ሻጩ ሁለቱን አንድ አድርጎ "9 ከ10 በፊት ነው" ይላችኋል። እርሳስ ያልጫረውን የዓባይ አሸዋ ይጭረዋል፣ ምንም ጥያቄ የለውም።

ጠጠርማ ከነጭራሹ አይገናኝም። ፊታችሁ ካለ አይሱዙ ጎማ የተፈናጠረ ጠጠር ሴራሚኩንም ክሊሩንም ይዞ ይሄዳል። ጠጠርን በመጠኑ የሚችለው ፒፒኤፍ የሚባለው ግልጽ ፕላስቲክ ነው። እሱ የሚለጠፍ እንጂ የሚቀባ አይደለም፣ ውፍረቱም ከ150 እስከ 200 ማይክሮን ይደርሳል፣ ዋጋውም ሌላ ነው። የፒፒኤፍን ችሎታ እያወራ ሴራሚክ የሚሸጥላችሁ ካለ ውጡ። የወፍ ኩስም እንደዚያው፤ እውነተኛው ሴራሚክ ራሱ ለጊዜው ይከላከላል እንጂ ጸሐይ ላይ ቀናት ካሳደራችሁት ይበላዋል።

ለኔ ግን ከብሩ በላይ ያናደደኝ ሌላ ነው። የአክስቴ ልጅ የስልኩን መብራት በሩ ላይ ሲያበራ የሸረሪት ድር የመሰለ ክብ ክብ ጭረት ታየ። እናንተም በጠራራ ጸሐይ ከጎን እዩት። አሸዋ በያዘ ስፖንጅ፣ መሬት ወድቆ በተነሳ ጨርቅ ስትፈተግ የመጣ ነው። ስፕሬዩ ለጊዜው ሸፍኖት ነበር፣ ሲታጠብ ተገለጠ። አዲስ መኪና ይዤ ሄጄ የአምስት ዓመት ቀለም ይዤ ተመለስኩ።

ተመልሼ ሄድኩ እንጂ። ያው ማር ምላስ አልነበረም። መጀመሪያ "የክረምቱ ነው" አለ። ቀጥሎ "በምን አጠባችኋት?" በመጨረሻ "ዋስትናው እኮ በየሦስት ወሩ እየከፈላችሁ ካሳደሳችሁ ነው የሚሠራው፣ ግን ለአንተ በግማሽ ዋጋ እደግምልሃለሁ።" ካርዱ ላይ እንዲህ የሚል ነገር የለም ስለው "የቃል ነው" አለኝ። የቃል!

አቤት ልበል ብዬ ሳስብ እጄ ላይ ያለው ለግለሰብ የተላከ ብር ማስረጃ፣ ማህተም የሌለው ካርድና ወንድሜ የቀረጸው ዶቃ ብቻ ነው። የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ፣ ቁጥር 813/2006፣ ስለምትገዙት ዕቃና አገልግሎት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጣችኋል፣ ደረሰኝም ግዴታ ነው። ግን ደረሰኝ ሳልይዝ የወጣሁት እኔ ነኝ። "ማሽኑ ተበላሽቷል" ሲባል "እስኪሠራ እጠብቃለሁ" ማለት ነበረብኝ።

ስለዚህ የግድ ላስቀባ ካላችሁ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ ዋጋ አይሁን፣ "ስንት ቀን ታቆዩአታላችሁ?" ይሁን። ከሰዓት ትወስዳታላችሁ ካለ ቁልፋችሁን ይዛችሁ ውጡ። ጠርሙሱ ፊታችሁ ይከፈት። ከመቀባቱ በፊት ጠርታችሁ አሳዩኝ በሉና ፌስታላችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ አሸዋ አሸዋ ካለ ገና ነው። ደረሰኙ ላይ የተቀባው ነገር ስምና የሰሌዳ ቁጥሩ ይጻፍ። ከሳምንት በኋላ በሻምፖ እጠቧት፣ ዶቃው እዚያው ካለ እሰዬው።

ሥራውን የሚያውቁ፣ እውነቱን የሚነግሩ ልጆች አሉ፣ ሁሉንም አልጨፈልቅም። የላቫጆ ልጆችንም አልወቅስም። የሚከፈላቸው በመኪና ቁጥር ነው፣ ማን ቆሞ ጨርቅ ይቀይርላችኋል? ትንሽ ጨምሩላቸውና ሁለት ባልዲ ይጠቀሙ፣ አንዱ ለሳሙናው፣ አንዱ ስፖንጁ ለሚለቀለቅበት። ኦሞና ናፍጣ ገላዋን አይንካት።

እኛ አሁን ሴራሚኩን ትተነዋል። የአክስቴ ልጅ ሁለት ቀን ቆይቶ ብናኙን አነሳልን፣ ጭረቱን የቻለውን ያህል በማሽን አሳሳው፣ ከላይ አንድ ቆርቆሮ ሰም ቀባልን። በየሁለት በየሦስት ወሩ ራሴ እደግመዋለሁ። ወጪው የሰሙና የእሱ ምሳ ነበር፤ ምሳው ይበልጣል።

ትናንት ማታ ስልኬ ላይ መልእክት ገባ። "ለነባር ደንበኞቻችን የአዲስ ዓመት ልዩ ቅናሽ።" ፌስታሌን ይዤ እመጣለሁ ብዬ መለስኩ። እስካሁን አልመለሱም።