በኪሎ ሜትር የመኪና ኮንትራት ልትይዙ ያሰባችሁ፣ ይህን ሳታነቡ እንዳትፈርሙ

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ዛሬ ከሰዓት ስታዲየም አካባቢ ያለ አንድ የመኪና ኪራይ ቢሮ 21,840 ብሬን በላኝ።

ቢሮዎቹን ታውቋቸዋላችሁ። ሕንጻ ሥር አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ "ግቢ እህቴ፣ ለአንቺ እናስተካክላለን።" እናቴ የቁልቢ ገብርኤል ስለት ነበረባት። ስድስት ሆነን ሚኒባስ ከነሹፌሩ ይዘን፣ ቁልቢን ተሳልመን፣ ድሬዳዋ አክስቴ ጋ አድረን ልንመለስ ነው። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ግን ለስድስት ሰው ትኬት አልቻልንም።

ሰውየው ስልኩን ወደ እኔ አዞረ። ካርታው ላይ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ አንድ ቀጥ ያለ መስመር፣ ከሥሩ 350 ኪሎ ሜትር። "ደርሶ መልስ 700፣ እሱ በዋጋው ውስጥ ነው። ካለፈ በኪሎ ሜትር 60 ብር። አያልፍም ግን።" 25,000 ብር መያዣ ቆጠርኩለት።

መስመሩ ቀጥ ማለቱን አይቻለሁ። አይቼ ዝም አልኩ። ያ መንገድ የት ቀጥ ይላል? አዳማ ወርዶ፣ አዋሽን አልፎ፣ ከሚኤሶ በኋላ የአሰበ ተፈሪን ተራራ ይወጣል። ሂርና፣ ጨለንቆ፣ ቁልቢ እያለ ሲጠማዘዝ ቆይቶ ከደንገጎ ቁልቁል ድሬ ይገባል። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በልጅነቴ በአውቶቡስ እያስመለሰኝ የሄድኩበት መንገድ ነው። እንዴት 350 ሲለኝ አመንኩ?

አሰበ ተፈሪ ምሳ ስንበላ ሹፌሩን ስንት ቀረን አልኩት። "ወደ 200" አለና አንገቱን ደፋ። ያኔም አልደመርኩም። ልቤ ቁልቢ ነበር።

ዛሬ መያዣዬን ልቀበል ስሄድ ቆጣሪው 1,064 ነው አሉኝ። 364 ትርፍ፣ በ60። ደነገጥኩ። "350 ነው ብለህ አሳይተኸኝ አልነበር?" አልኩት። ቀና ብሎ እንኳን አላየኝም። ብሩን እየቆጠረ፣ "እሱ የአየሩ ነው የኔ እህት። መኪና ይበራል እንዴ?" አለኝ። አጠገቡ ያለችው ልጅ ሳቀች። አፏን እንኳን አልሸፈነችም። 3,160 ብር ጠረጴዛው ላይ ወረወረና ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ። ሌላውም ደንበኛ ፊት ያው ስልክ ተዘርግቷል።

ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም። የአየሩን ርቀት አሳይቶ የመሬቱን ማስከፈል ሌብነት ነው።

በኪሎ ሜትር አትዋዋሉ። ግድ ከሆነ ስትነሱ ቆጣሪውን ፎቶ አንሱ፣ ወረቀቱ ላይም የመድረሻው ስም ይጻፍ፤ "ድሬዳዋ ደርሶ መልስ" ተብሎ። የእኔን ውል አሁን አውጥቼ አየሁት። 700 የሚል ቁጥር አለ። የከተማ ስም ግን አንድም የለበትም።